በአሥራ ሁለት የማትነሳው ላዳ

መካኒኩ እንግዳ ጠዋት ጋራዡን ሲከፍት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መቀመጥ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የቆርቆሮውን በር ገፍቶ ሳይጨርስ ቱታውን ለብሶ የአንዱን መኪና ኮፈን ከፍቶ ይገኝ ነበር። አሁን ግን ከአንድ የተቆራረጠ መኪና ነቅሎ ያስቀረው ስፖንጁ የወጣ ወንበር አለ፤ እዚያ ላይ ዘፍ ይልና ጉልበቱን በሁለት እጁ እያሸ ትንሽ ይቆያል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ አንዱን ያሳለፈው መኪና ሥር ካርቶን ላይ ተጋድሞ ነው፤ ወገቡም ይህንን አልረሳለትም።

ጋራዥ አልነው እንጂ ጎፋ ውስጥ ሦስት መኪና ካስገቡበት አራተኛው መንገድ ላይ የሚቆም የቆርቆሮ መጠለያ ነው። አጠገቡ ሁንዴሳ የሚባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰ መካኒክ አለ። ሁንዴሳ ኮምፒውተር አለው፤ የመኪናውን ሆድ ሳይከፍት ገመድ ይሰካና በሽታውን ከስክሪን ላይ ያነባል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ምሳ ሲቀርብለት እንግዳን ሳይጠራ አይበላም። ነገር ግን አዳዲሶቹ መኪኖች አንድ በአንድ ወደ እሱ በር ሲታጠፉ ማየት ያደክማል። ወደ እንግዳ የሚመጡት ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የሌላቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም በየዓመቱ እያለቁ ነው። አንዱ ለብረት ይቆረጣል፤ የሌላው ባለቤት ይሞትና መኪናው አጥር ጥግ ቆሞ ሣር ይበቅልበታል።

ከቀሩት አንዷ የኢያቄም ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ የተላላጠ፣ ዕድሜዋም ከባለቤቷ ብዙ የማያንስ የድሮ ታክሲ ናት። ኢያቄም አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሐና ማርያምን አለፍ ብሎ ፉሪ ተከራይቶ ይኖራል። ጥቅምት ላይ ለታላቅ ወንድሙ ሙት ዓመት ከደብረ ብርሃን የመጡ እናቱም በዚያው አብረውት ቀርተዋል። በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ይወጣና ከለቡ መንገደኛና ማልዶ ሥራ የሚገባ ሰው ያመላልሳል። የላዳ ሹፌር እንጀራ ያለው በዚያ ሰዓት ነው። ከነጋ በኋላ ሰው ወይ ሚኒባስ ይጋፋል ወይ በስልኩ አዲስ መኪና ይጠራል፤ በጨለማ ግን ፊቱ የቆመለትን ይሳፈራል።

ይህች ላዳ ኅዳር ላይ ሚስ ማድረግ ጀመረች። ሚስ አደረገ የሚባለው አራቱ ሲሊንደሮች በየተራቸው መተኮስ ሲገባቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ተራቸውን ሲዘሉ ነው። ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይንተባተባል፣ መጨረሻ ላይ ጸጥ ይላል። በሽታው ለእንግዳ አዲስ አይደለም፤ በወጣትነቱ እንዲህ ያለውን መኪና ከመንገድ ማዶ ድምፁን ሰምቶ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይናገር ነበር። የዚህችኛዋ ጣጣ ሌላ ነው። ኢያቄም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይደውልና «ጋሽ እንግዳ፣ ቆማለች» ይላል። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ራሱ እየነዳት ይመጣል። እንግዳ ኮፈኗን ከፍቶ ጆሮውን ሲያስጠጋ ሞተሩ እንደ ደህና የልብስ ስፌት መኪና እኩል ይመታል። የጠዋቱ በሽታ የለም። የታመመ መኪና መካኒክን አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው እሱ ፊት ሲደርስ የሚሻለው ነው።

መጀመሪያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አራቱንም ቀየረ። ለስድስት ቀን ደህና ሠራችና ተመልሳ ቆመች። ገመዶቹን ቀየረ። አሥራ አምስት ቀን ሠራች፤ እንግዳም አዳንኳት ብሎ ለሚስቱ እስኪናገር ድረስ አመነ፤ ቆመች። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ሰልባትዮዋን እስከ ጠብታው አራገፈ። ካርቡራተሩን ፈትቶ ቀዳዳዎቹን በትንፋሹ እየነፋ አጸዳ። ብልጭታውን የሚያመነጨውን ቦቢናዋን ከሌላ መኪና በተፈታ ደህና ቦቢና ተካ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንዴ ስድስት፣ አንዴ ዘጠኝ፣ አንዴ አሥራ አምስት ቀን እየሠራች ታስደስተውና በማግስቱ ስልኩ ይጮኻል። ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ የእጅ ዋጋ መቀበል አፍሮ ተወ። ኢያቄምም መክፈል አፍሮ በየጊዜው ሙዝ ይዞ ይመጣ ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኑ ይገባ ነበር። ብልጭታውን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለ። ያንን ክዳን በከፈተው ቁጥር ውስጡ ስስ ግራጫ አቧራ ተለጥፎ ያገኛል። ክዳኑም ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። እንግዳ ለቡን አሰበ፤ በየማዕዘኑ ፎቅ እየወጣ፣ በየመንገዱ ስሚንቶ እየተራገፈ ነው። ስለዚህ ለኢያቄም መኪናህ ስሚንቶ እየበላች ነው ብሎ ነገረው፣ አቧራውን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረገ፣ ጨርቁንም ሳጥን ላይ ጣለ። ስንጥቁ አላሳሰበውም። በደረቅ ወር እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ማንንም አያቆምም።

የካቲት ሲያልቅ ኢያቄም አንድ ነገር ተናገረ። ሳይቆጣ ነው የተናገረው፤ ቢቆጣ ለእንግዳ በተሻለው ነበር። ለብረት የሚገዛት ሰው ማግኘቱን፣ እስከ ፋሲካ ካልዳነች ሊሰጠው መወሰኑን፣ ከዚያ በኋላ የሰው መኪና ላይ ሹፌር ሆኖ እንደሚቀጠር አጫወተው። «ከእርስዎ አይደለም ጋሽ እንግዳ፤ አርጅታ ነው» አለ። እንግዳ ይህችን ማጽናኛ ይዞ ቤቱ ገባና ለሚስቱ ለጸሐይወርቅ ቁርጡን ነገራት። ይህችን ላዳ ካላወቃት መካኒክ ነኝ ማለት ይበቃዋል፤ የመፍቻ ቁልፎቹን ለሁንዴሳ ሰጥቶ ቤቱ ይቀመጣል። ጸሐይወርቅ ተቀመጥ እያለች ስትለምነው ሁለት ዓመት ሆኗታል። ይህን ከአፉ ስትሰማ ግን ደስ አላላትም፤ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ይዛለት ጋራዥ መጣች። ጾሙ ገብቷል፤ የቀዘቀዘ ሽሮ ነው። እንግዳ እየበላ ሳለ እሷ ቆማ የቆርቆሮውን ግድግዳ ታያለች። እንግዳ ደብተር ቅባት ይበላዋል ብሎ ተመልሶ የመጣ መኪና ሁሉ የመጣበትን ቀን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ ልማዱ ነው። የላዳዋ መስመር ከሁሉም ረዝሟል። 21፣ 27፣ 12፣ 21፣ 27፣ 12፣ 27፣ 12፣ 21፣ 27።

«ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ሚካኤል» አለች ጸሐይወርቅ በጣቷ እየተከተለች። «ደግሞ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ሚካኤል። ምን ሆነህ ነው ገብርኤልን የዘለልከው?»

እንግዳ መጀመሪያ አልገባውም። ላዳዋ የተበላሸችበት ቀን ነው አላት። ከዚያ ጉርሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየ። ለሦስት ወር በገዛ እጁ ሲጽፈው የነበረው ቁጥር ነው። የቄስ ልጅ የሆነችው ሚስቱ አሥራ ሁለት ስትባል ሚካኤልን ነው የምትሰማው፤ እሱ ግን ከዓመታዊ ክብረ በዓል በቀር ሁሉንም ቀን ቱታ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ስለሆነ አሥራ ሁለትን አሥራ ሁለት ብሎ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ማርያም ትጎድላለች፤ እሷም ጥር ሃያ አንድ ናት፤ ያን ቀን በዓል ብሎ ኢያቄም ራሱ ሥራ አልወጣም።

እጁን ታጠበና ሳጥኑ ላይ የተጣለውን ጨርቅ አንስቶ ሰጣት። ጸሐይወርቅ ግራጫውን አቧራ በጣቶቿ መሃል ፈትጋ አሸተተችው። እምነት ነው አለችው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ግንባር የሚቀባው አመድ። ከየት እንዳመጣው ስትጠይቀው ከዲስትሪቢውተር ውስጥ አላት። ተያዩ። እሷ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እሱ አልሳቀም፤ እናትየው ከደብረ ብርሃን የመጡት ጥቅምት ላይ መሆኑን እያሰበ ነበር።

እንዲህም ሆኖ መካኒክ በዓይኑ ያላየውን አይፈርድም። መጋቢት አሥራ ሁለት ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ስለማይገኝ የድሮ ደንበኛው የሆነ ዳቦ አከፋፋይ ከዳቦው ጋር ጭኖ ፉሪ አደረሰው። ላዳዋ የግቢው በር ጠቧት እንደ ወትሮዋ ውጭ አጥሩ ሥር ቆማለች። እንግዳ ከማዶ የተከመረ ድንጋይ ጥግ ቆሞ ጠበቀ። ብርዱ ጉልበቱን ገባው። በዚህ ዕድሜዬ መኪና እንደሚሰርቅ ሰው ጥግ ልደበቅ ብሎ ራሱን ረገመ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና እማማ ወርቅዬ ወጡ። ቀጭን ናቸው፤ በነጠላቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ በእጃቸው የውሃ ሃይላንድ ይዘዋል። ወደ ላዳዋ ሄደው ኮፈኑ የታሰረበትን ሽቦ ፈቱ። የኮፈኑ መቆለፊያ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያንን ሽቦ ያሰረው ራሱ እንግዳ ነው። በአንድ እጃቸው ኮፈኑን ከፍ አድርገው በሌላው ከሃይላንዱ ሞተሩ ላይ አፈሰሱ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ቁንጥር አመድ ነሰነሱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ኮፈኑን መልሰው ሽቦውን አሰሩ። ከእሱ ይልቅ ያውቁበታል።

እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገና ከጥጉ ወጣ። አልደነገጡም። ማን እንደሆነ ጠየቁት፤ መካኒኩ መሆኑን ነገራቸው።

«አንተ ነህ? ልጄ ስላንተ ያወራል» አሉና ፊቱን በበሩ አምፖል ብርሃን አዩት። «ደክሞሃል ልጄ። ተቀመጥ።»

ልጄ ብሎ የሚጠራው ሰው ካጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ። ክዳኑ የተሰነጠቀ መሆኑን፣ ጸበሉ በስንጥቁ ገብቶ ብልጭታውን እንደሚያጠፋው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ደርቆ ደህና እንደሚሆን፣ አመዱም እንደሚያባብሰው ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ወይኔ ልጄን ጎዳሁት ይላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እማማ ወርቅዬ ግን እስኪጨርስ ሰሙትና «አውቃለሁ» አሉ።

እንግዳ ወደ እሳቸው ዞረ።

የትልቁ ልጃቸው ስም ማኑሄ ነው። እሱም ሹፌር ነበር፤ የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዳው። የዛሬ ሦስት ዓመት ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጥቶ ለቡ ሳይደርስ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና መጣበት። መብራት አልነበረውም ተባለ። እማማ ወርቅዬ ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም፤ ብዙ ጊዜ የተናገሩት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። ለሙት ዓመቱ መጥተው ኢያቄምም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በጨለማ ሲወጣ ሲያዩ መመለስ አቃታቸው። እባክህ ፀሐይ ይውጣልህ ብለው ለመኑት። ሳቀ፤ እንጀራዬ በዚህ ሰዓት ነው አላቸው።

«መጀመሪያ ለበረከት ብዬ ነው ያፈሰስኩት» አሉ። «ቆመች። እሱ ተናደደ፣ እኔ ግን አየሁ፤ ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ ታይቶ፣ ሰው በዝቶ ነው የሄደው። እግዜር ሰማኝ አልኩ። ጸበሉን የማገኘው በሦስቱ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ባገኝ በየቀኑ አፈስስ ነበር።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ገልባጭ የለም። ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን አድራለሁ። እሱ አንተ ጋ በዋለ ቀን ነው እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

እንግዳ ተናደደ። ሦስት ወር የተጋደመበት ካርቶን፣ ያፈረበት ሙዝ፣ ለሁንዴሳ ሊሰጣቸው የነበሩት ቁልፎች ሁሉ ፊቱ ላይ መጡ። ከዚያ መናደዱም ደከመው። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ከሱ የባሰ ደክመዋል፤ እሱ ቢያንስ ሌሊቱን ይተኛል።

ልትነግረው ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሥራዬ ነው እማማ አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቃወሙትም።

«ንገረው። አንተን ይሰማሃል፤ የመኪና ሰው ነህ። ግን በጨለማ እንዳይወጣ የሚያደርግ ሌላ መድኃኒት ካለህ መጀመሪያ ለእኔ ስጠኝ።»

ግቢው ውስጥ የኢያቄም ሳል ሲሰማ ተነስቶ ሄደ። አንድ ሰዓት ላይ ሐና ማርያም ሚኒባስ ተሰልፎ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ቆማለች አለው ኢያቄም። ይዘሃት ና አለው።

አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቁልፉን ሰጥቶት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የብረት ገዢው ቅዳሜ እንደሚመጣ ብቻ ነገረው። እንግዳ ክዳኑን ከፈተ፤ ግራጫው አቧራ አለ። ጠረገው። ከዕቃ ሳጥኑ ያልተሰነጠቀ አሮጌ ክዳን ፈልጎ ገጠመላት። ከዚያ ከጎማ ውስጥ የወጣ ያረጀ ካላማዳሪያ አምጥቶ በመቀስ ቆረጠና እንደ ኮፍያ አድርጎ ዲስትሪቢውተሩን ከነገመዶቹ አለበሰው፤ ሥሩን አጥብቆ አሰረው። ይህን የተማረው ገጠር ለገጠር ወንዝ ከሚያቋርጡ የጭነት መኪኖች ነው። ለማረጋገጥ አንድ ጣሳ ውሃ አናቱ ላይ ደፋበት፤ ሞተሩ አልተንተባተበም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እሱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ እጁ ሲሠራ አፉ የሚናገረውን እየፈለገ ነበር።

በመጨረሻ ኮፈኑን ዘጋና ጨርሻለሁ አለ፤ ከእንግዲህ ውሃም አቧራም አይገባትም። ኢያቄም ቀና ብሎ አየው። ይህን ቃል አሥር ጊዜ ሰምቶታል።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ እንግዳ። «በወር በአሥራ ሁለት ፀሐይ ሳይወጣ አታስነሳት።»

ሦስቱንም ቀን ሊለው አስቦ ነበር፤ የሰውየው እንጀራ ታየውና ማኑሄ የሞተበትን ብቻ መረጠ። ሁንዴሳ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ሰማ። «ጋሼ፣ ላዳም ሚካኤልን ታከብራለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ከኋላው የቆሙት ደንበኞቹም ሳቁ። ኢያቄም አልሳቀም። ለምን በአሥራ ሁለት ብሎ ጠየቀ።

እውነቱ እንግዳ ምላስ ላይ ነበር። ስንጥቁን፣ ጸበሉን፣ አመዱን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ቢዘረዝር ኮምፒውተር ያላገኘውን አሮጌው መካኒክ እንዳገኘው ሠፈሩ ሁሉ በምሳ ሰዓት ይሰማል። አርባ አንድ ዓመት የሠራበት ስሙ ይመለስለታል። የኢያቄም እናት ደግሞ ልጃቸውን እንጀራ ያሳጡ አሮጊት ተብለው የጋራዥ መሳቂያ ይሆናሉ። እጁን በሳሙና አሽቶ ታጠበ።

«አላውቅም» አለ። «አታስነሳት አልኩህ፣ በቃ።»

እንግዳ መካኒክ ሆኖ ሳለ ሁንዴሳ ፊት አላውቅም አለ። ኢያቄም ቁልፉን ተቀብሎ ሳይሰናበተው ሄደ። ያን ዕለት ማታ ሠፈሩ ሁሉ እንግዳን የላዳዎች ንስሐ አባት ይለው ጀመር፤ ስሙን ያወጣለት ሁንዴሳ ነው፤ ለክፋት አይደለም፤ ስሙ ግን ተጣበቀ። ከእማማ ወርቅዬ በቀር የሆነውን የሚያውቁት እሱና ጸሐይወርቅ ብቻ ናቸው። ቁልፎቹን ለሁንዴሳ ትሰጣለህ ወይ ብላ ስትጠይቀው ደክሞኛል፣ ነገ ጠይቂኝ አላት። በነጋታው አልጠየቀችውም።

ቅዳሜ ብረት ገዢው መጥቶ ባዶውን ተመለሰ፤ ኢያቄም እስከ ፋሲካ ያልኩት ገና ነው ብሎት ነው። ሃያ አንድ መጣ፤ ስልኩ አልጮኸም። ሃያ ሰባትም አለፈ፤ አልጮኸም። ፋሲካም ዋለ። ላዳዋ ድናለች። ሦስት ወር የለመነው ዝምታ ይህ ነበር፤ አሁን ግን አስጨነቀው። ስልኩ ዝም ባለ ጠዋት ሁሉ ኢያቄም በጨለማ ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው፤ እናቱም ፉሪ ዓይናቸውን ሳይከድኑ አድረዋል ማለት ነው። እንግዳ በሕይወቱ ጠግኖ የሰጠው መኪና እንዲህ አስፈርቶት አያውቅም። የመፍራት ጉልበትም አልነበረውም፤ ቢሆንም ፈራ።

ሚያዝያ አሥራ ሁለት ጋራዡን ሳይነጋ ከፈተ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሰማዩ ነጣ። ከማዶ ሱቅ ተከፈተ፣ ሚኒባሶች መጥራት ጀመሩ፣ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጫፍ ነካች። ሄዷል አለ በልቡ። የአንድ አሮጌ መካኒክ አላውቅም ማንን ያስቀራል።

አንድ ሰዓት ሲል ስልኩ ጮኸ። ኢያቄም ነው።

«ቆመች?» አለ እንግዳ።

«አላስነሳኋትም» አለ ኢያቄም። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

ኢያቄም ቀስ እያለ ነገረው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቁልፉን ይዞ ሲወጣ እናቱ ከነሃይላንዳቸው መኪናዋ አጠገብ ቆመው ነበር። ሃይላንዱ ሙሉ ነው፤ ሽቦው አልተፈታም። መካኒኩ ዘግቶታል፣ ባፈስም አይገባም፣ እንግዲህ የሚያቆምህ የለም አሉት። ከኅዳር ጀምሮ ያደረጉትንም ሁሉ እዚያው ቆመው ነገሩት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ብርድ ነው ብሎ ላዳዋ ውስጥ አስገባቸውና ፀሐይ እስኪወጣ ሁለቱም ተቀመጡ። ስለ ማኑሄ አወሩ፤ ከተቀበረ ጀምሮ እርስ በርሳቸው ስሙን አንስተው አያውቁም ነበር።

«አሁን ፀሐይ ወጥቷል» አለ ኢያቄም። «ልሄድ ነበር ጋሽ እንግዳ፤ ግን እማዬን ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ልቀስቅሳት?»

«ተዋቸው» አለ እንግዳ። «ይተኙ።»

ስልኩን ዘጋ። ሁንዴሳ በሩን እየከፈተ የንስሐ ልጅህ ምን አለች ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀው። ደህና ናት አለውና ወደ ኋላ ደገፍ አለ። ያን ቀን የቁልፎቹን ሳጥን እስከ ሦስት ሰዓት አልከፈተውም።